በሩ የሚያውቃቸው ሰዎች

«እታለም ጣት አያስፈልጋትም» አለ ወንድሟ ሳሎን ሆኖ።

እታለም ኩሽና ውስጥ የቁርስ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። እጆቿን ከሳሙናው አረፋ አውጥታ አየቻቸው። ጣቶቿ ሁሉም በየቦታቸው አሉ። ማተሚያ ቤት ወረቀት ስታጥፍ ዕድሜዋን የጨረሰችባቸው፣ ጡረታ ከወጣች ወዲህም አንድ ቀን ያላረፉ ጣቶች ናቸው፤ እንደማያስፈልጓት ግን ገና ዛሬ መስማቷ ነው። ጆሮ ጠቢ አይደለችም። በኩሽናውና በሳሎኑ መካከል ያለው ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ስለሆነ ግን እዚያ ላነጠሰ ከዚህ «ይማርህ» ይባልለታል። ብርጭቆውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና ውሃውን ዘጋች።

ነገሩ ስለ አዲሱ የበር ቁልፍ ነበር። ዛሬ ሊገዙት ነው፤ በአሻራ የሚከፈት፣ መክፈቻ የሚባል ነገር የማያሻው ዲጂታል ቁልፍ። ወንድሟ በአንድ የመድን ድርጅት የካሳ ክፍል ኃላፊ ነው። ሥራው ቀኑን ሙሉ ቤታችን ተዘረፈ፣ ዕቃችን ጠፋ የሚሉ ሰዎችን አቤቱታ ማንበብና አለማመን ስለሆነ፣ የሥራ ባልደረቦቹ «ጠርጥር» ይሉታል። እሱ ስሙን የሰጡት አክብረውት ይመስለዋል። አሁንም ለሚስቱና ለልጁ፣ ሠራተኛ ሰብስቦ እንደሚያስረዳ አለቃ፣ ቁልፉ የሚያውቀውን ሰው ብቻ እንደሚያስገባ፣ የማያውቀውን ግን ደረቱን ቢደቃ እንኳ እንደማይሰማው እያስረዳ ነበር። «ስለዚህ የሚያውቃቸው ሰዎች ባነሱ ቁጥር ተጠርጣሪም ያንሳል» አለ። ሚስቱ ፋርማሲስት ናት፤ ነገር መጠኑን አልፎ ሲወሰድ ታውቃለች፤ «እሺ፣ ውጭ ወጥታ ስትመለስስ?» ብላ ጠየቀች። «እሷ የት ትሄዳለች? ቤት ናት። በር የምትከፍትልን ራሷ አይደለችም እንዴ? ለበረኛ ቁልፍ ምን ያደርግለታል?» ልጅቷ ከስልኳ ላይ ቀና ሳትል፣ «ኮድ ስጧት በቃ» አለች። «ለጎረቤት ትናገራለች» አለ ጠርጥር። እታለም ግድግዳውን እያየች ጠበቀች፤ አንድ ሰው አንድ ነገር ይላል ብላ ነው። የሚስቱ ማንኪያ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ሲዞር ብቻ ተሰማት፤ ዞረ፣ ዞረ፣ ስኳሩ ሟምቶም ዞረ። ሆድ ይፍጀው አለችና ውሃውን መልሳ ከፈተች።

ወደ ሱቁ ሲሄዱ ጠርጥር እታለምን ይዟት ሄደ። አስተያየቷን ፈልጎ አይደለም፤ መኪና ማቆም በተከለከለበት ቦታ ሊያቆም ስላሰበና ሰው የተቀመጠበት መኪና አይቀጣም ብሎ ስለሚያምን ነው። እሷ ከኋላ ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀመጠች፤ እሱ መስታወት በመስታወት የሆነው ሱቅ ውስጥ ገባ። ሱቁ ውስጥ ግድግዳው ላይ ከእንጨት የተሠሩ ትንንሽ በሮች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው ቁልፍ አላቸው፤ ወደ የትም አያስገቡም። ባለሱቁ በየበሩ ላይ ጣቱን እያስነካ፣ ጥብ ጥብ እያደረገ፣ ሲከፍትና ሲዘጋ በመኪናው መስኮት ታየዋለች። ወንድሟ እጁን አጣምሮ ራሱን ይነቀንቃል፤ የካሳ አቤቱታ ሲያነብ እንዲህ እንደሚያደርግ አትጠራጠርም። ትንሽ ቆይቶ የሱቁን በር ከፍቶ ብቅ አለና በእጁ ጠራት።

«የባለሱቁን ጣትማ ያውቀዋል፤ የሱ ነው» አላት ወደ ውስጥ እያስገባት። «እኔ ማየት የምፈልገው ባዕድ ሰው ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ነው። ጣትሽን አስነኪ።»

እታለም ወንድሟን አየችው። ፊቱ ላይ ክፋት የሚባል ነገር የለም፤ የዳቦ ብስለት በጣቱ ተጭኖ የሚያይ ሰው ፊት ነው። «ማዘር፣ አይዞሽ፣ አይነዝርም» አላት ባለሱቁ። ቀሚሷ ላይ ጣቷን ጠረግ አድርጋ የመጀመሪያውን በር አስነካች። ቁልፉ ቀይ መብራት አበራና ጠፋ። «እምቢ አለ?» አለ ጠርጥር። «እምቢ ብሏል፣ ጋሼ» አለ ባለሱቁ። «ደካማ ነው፤ እምቢታው አይሰማም» አለና ወደ ሁለተኛው ወሰዳት። ሁለተኛው ጢጥ ጢጥ አለባት። ሦስተኛው ተንቀጠቀጠባት። እንዲህ እያለች በሱቁ ዙሪያ ካሉት በሮች ሁሉ ስትባረር፣ ሌሎች ገዢዎችም ወሬያቸውን ትተው ያዩ ጀመር፤ አንዱማ፣ «እስቲ እዚህኛው ላይ ይሞክሩልኝ፣ እኔም ልገዛ ነው» ብሎ ጣቷን ተዋሳት። በመጨረሻ ጥግ ላይ የነበረው ጥቁሩ ቁልፍ ጋ ደረሱ። ጣቷ ገና ሲያርፍበት ከውስጡ የሴት ድምፅ፣ ማንም በማያውቀው በባዕድ አገር ቋንቋ ይጮህባት ጀመር። ድምፁ መባረር ብቻ አይደለም፤ ዘር ማንዘሯን የሚጠራ ይመስላል። እታለም ደንግጣ፣ «ይቅርታ» አለችው።

ወንድሟ ፊቱ በራ። «ይሄ ነው! ይሄ ነው ቁልፍ! አየሽ፣ ድርሽ አላስባለሽም እኮ!» ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት፤ ፈተና ያለፈች ይመስል። ዋጋው ሠላሳ ሁለት ሺህ ነበር። ዝም ብሎ የሚያባርረው በግማሽ ይገኛል፤ የሚሳደበው ነው የሚወደደው። ባለሱቁ ሳጥኑን ሲያሽግ፣ «ከምሳ በፊት ገጣሚ እንልክላችኋለን» አለ።

እታለም በመንገዱ ሁሉ ይህን ስታሰላስል ሄደች። ማተሚያ ቤት ሳለች የገጣሚዎችን መጻሕፍት አጥፋለች። ቀጫጭን ስለሆኑ ለማጠፍ ደስ ይላሉ፤ ሰዎቹም ማተሚያ ቤት ሲመጡ ትሑትና ከሲታ ነበሩ። ለበር ቁልፍ ግጥም ለምን እንዳስፈለገ አልገባትም፤ ግን በሠላሳ ሁለት ሺህ ምን የማይጨመር ነገር አለ ብላ ተወችው። ቤት እንደደረሰች ንጹሕ ስኒ አወጣች፣ ሶፋውን አራገፈች። ሰውየው ሲመጣ ግን አንገቱ ወፍራም፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጎልማሳ ሆኖ፣ በአንድ እጁ ድሪል በሌላው ካቻቢቴ ይዞ ነበር። «ገጣሚው ነኝ» አላት። ከእግር እስከ ራሱ አየችውና፣ «ግባ፣ የኔ ልጅ» አለችው፤ ስኒውን ግን አልመለሰችም፣ ሻይ ቀዳችለት።

ገጣሚው ሥራውን የጀመረው የድሮውን ሰረገላ ቁልፍ በመንቀል ነው። ወላጆቻቸው ቤቱን ሲሠሩ የገባ ቁልፍ ነው፤ አልነቀልም ብሎ ብዙ ታገለ፤ ሲነቀልም የበሩን ቁራጭ ይዞ ወጣ። ከዚያ ድሪሉ ሲጮህ፣ ብናኙ ሲበን፣ እታለም ከሥር ከሥር ስትጠርግ፣ ሚስትየው «አፋችሁን ሸፍኑ» ስትል፣ በሩ መሀል ላይ አንድ ሰው ጭንቅላቱን ሊያሾልክበት የሚችል የሚመስል ቀዳዳ ተከፈተ። «ይሄን ያህል ያስፈልጋል?» አለ ጠርጥር። «አይ፣ ትንሽ አምልጦኝ ነው፤ ይሸፈናል» አለ ገጣሚው። ጠርጥር በዚህ መሀል ከቤተሰቡ የድሮውን ቁልፍ መክፈቻዎች ይሰበስብ ነበር። ከሚስቱ ተቀበለ፣ ከልጁ ተቀበለ፣ እታለም ፊት መጥቶ መዳፉን ዘረጋ። እሷ ከሹራቧ ኪስ አወጣችና፣ «ምን ልታደርገው ነው? ቁልፉ እኮ በሩ ላይ የለም» አለችው። «ሌባ እጅ ቢገባስ?» «ገብቶ ምን ይከፍትበታል?» ትንሽ አሰበ። «ቢሆንም» አለና ተቀብሎ ኪሱ ከተተው።

ቁልፉ ከተገጠመ በኋላ አሻራ የመስጠት ሥነ ሥርዓት ተጀመረ። ጠርጥር ቃለ መሐላ እንደሚፈጽም ሰው ሸሚዙን ቆልፎ ቀረበ። መጀመሪያ የቀኝ አውራ ጣቱን አስመዘገበ፤ ቀጥሎ አደጋ ቢደርስብኝ ብሎ ግራውን፤ ቀጥሎም አውራ ጣቶቼን ሌባ ቢሰብራቸውስ ብሎ ሁለቱን ሌባ ጣቶቹን። «ሌባ ጣት የሚባለው ግን ለምንድነው?» ብሎ ገጣሚው ሊቀልድ ሲል፣ ጠርጥር በጣም አተኩሮ ስላየው ቀልዱን ዋጠው። የሚስቱ ጣቶች ደግሞ ፋርማሲው ውስጥ ቀኑን ሙሉ በአልኮል ሲታሹ ስለሚውሉ መስመራቸው አልያዝ አለ። «አፍንጫዎት ላይ ሸት ሸት ያድርጉት፣ ወዝ ይፈልጋል» አላት ገጣሚው። የተከበረች ሴትዮ ቆማ አፍንጫዋን ስታሽ፣ ከዚያ ጣቷን ስታስነካ፣ የቁልፏ ሴትዮ ስትሳደብ፣ እንደገና አፍንጫዋን ስታሽ ቆዩ፤ ልጅቷም ይህን በስልኳ እየቀረጸች ከሣቅ ብዛት ግድግዳ ተደገፈች። በመጨረሻ ድምፁ ለስለስ ብሎ አንድ ነገር አለ። «ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ ጠርጥር። «እንኳን ደህና መጣችሁ ነው የምትለው» አለ ገጣሚው። እታለም በልቧ፣ ይሄም ሰው ቋንቋውን አያውቀውም አለች። ደግሞም ለዚያች ድምፅ አዘነችላት፤ አገሯ ያልሆነ አገር መጥታ፣ የሚሰማት ሰው ሳይኖር፣ በር ላይ ቆማ ልትውል ነው።

«ማዘርስ?» አለ ገጣሚው እጁን ወደ እታለም ዘርግቶ።

«እሷ ቤት ናት» አለ ጠርጥር። ሚስቱ አፍንጫዋን በመሐረብ መጥረግ ቀጠለች። እታለም መጥረጊያውን ያዘችና፣ ሾርባ ጥጃለሁ አለች፤ አልጣደችም ነበር፤ ገብታ ጣደች።

ከዚያ የዋናው ሚስጥር ቁጥር ተራ ሆነ። ይህን ቁጥር የሚያውቅ ሰው የሁሉንም አሻራ ማጥፋትና መጨመር ስለሚችል፣ ጠርጥር ገጣሚውን ጨምሮ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እንዲያዞሩ አዘዘ። ከኩሽናው በር ስር ሆና እታለም አየቻቸው፤ ሦስት ሰው ተሰልፎ ግድግዳ ያያል፣ አንዱ ደግሞ በሰውነቱ ቁልፉን ጋርዶ እያጎነበሰ ይጫናል፣ ይሰርዛል፣ ደግሞ ይጫናል። ጨርሶ ቀና ሲል ላብ በላብ ሆኗል። «ሌባ ሊገምተው የሚችል ምንም ነገር የለበትም» አለ በኩራት። «ልደት አይደለም፣ የመኪና ሰሌዳ አይደለም፣ ስልክ አይደለም።» ለክፉ ቀን ተብሎ ከቁልፉ ጋር የመጣችውን ትንሽ የብረት መክፈቻም ሌባ እንዳያገኛት ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጣት። «አሁን እንደ ሌባ ሆነን እንፈትነዋለን። ሁሉም ሰው ውጭ! እታለም፣ አንቺ ከውስጥ ምንም እንዳትነኪ።» በሩ ከኋላቸው ተዘጋ፤ ምላሱ ቋ ብሎ ገባ።

እታለም ሾርባዋን እያማሰለች የሆነውን ሁሉ በጆሮዋ ተከታተለች። መጀመሪያ ገጣሚው ጣቱን ሞከረ፤ ሴትዮዋ ሰደበችው፤ ሁሉም ሣቁ። ቀጥሎ ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጣው የስፖርት አስተማሪ ምን ተፈጠረ ብሎ መጣ፤ እሱም ሞከረ፤ ተሰደበ። ከዚያ ጠርጥር፣ ሌባ አሻራውን ለመደበቅ በክርኑ ቢመጣስ ብሎ በክርኑ ሞከረ። በጉልበቱም ሞከረ። ጫማውንና ካልሲውን አውልቆ በእግሩ አውራ ጣት ሊሞክር በአንድ እግሩ ሲንጠለጠል፣ «ጋሼ፣ በዝቷል፣ ይቆለፋል!» የሚል የገጣሚው ድምፅ ተሰማ፤ ነገር ግን ቁልፉ ቀደመው። ሰፈሩን ሁሉ የሚያነቃ ጩኸት ተነሣ። ጠርጥር በትክክለኛ ጣቱ ሞከረ፤ አልተቀበለውም። በሁለተኛው ሞከረ። በሦስተኛው፣ በአራተኛው። «አሁን ማንንም አትቀበልም፤ ዋናውን ቁጥር ብቻ ነው» አለ ገጣሚው። «ቁጥሩን ይጫኑት፣ ጋሼ።»

ከዚያ የጠርጥር ድምፅ፣ ዝግ ብሎ፣ «ልደት አይደለም…» አለ።

ሌባ እንዳይገምተው አድርጎ የሠራውን ቁጥር እሱም መገመት አቃተው። የብረት መክፈቻዋ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ናት። የሱቁ ስልክ ሳጥኑ ላይ ነው የተጻፈው፤ ሳጥኑም ውስጥ ነው። የገጣሚው ድሪል፣ ስልኩና ጃኬቱም ውስጥ ናቸው። ሚስትየው በቤት ነጠላ ጫማና በአበባማ የቤት ቀሚስ፣ ባልየው አንድ እግሩ ባዶውን፣ የሰፈሩ ሰው ዙሪያቸውን ከቧቸው ቆመዋል። «ይሄ ቤት የናንተ ነው?» ብሎ አንድ አላፊ አግዳሚ ሲጠይቅ እታለም ሰማች።

«እታለም!» አለ ጠርጥር በሩን እየደበደበ። «ክፈቺ!»

እታለም እጇን አደራርቃ ወደ በሩ መጣች። «ምንም እንዳትነኪ ብለኸኝ እኮ ነው» አለች።

«አሁን ንኪ!»

«የቱን?»

ጎረቤት ጆሮውን አቁሞ እያለ የቤቱን ሚስጥር መናገር ለጠርጥር የሞት ያህል ነው። «ወደ ኩሽናው መስኮት ነይ» አላት። ሄደች። ብረት በተጋደመበት መስኮት እሷ ከውስጥ፣ እሱ ከውጭ፣ አበባ የተተከለበት ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ፣ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ፊቱን ከዚህ ቅርበት ካየችው ቆይቷል። ሽበቱ ጆሮው አካባቢ እንደገባ አላስተዋለችም ነበር። ዙሪያውን ገልመጥ ገልመጥ አደረገና አፉን ወደ ብረቱ አስጠግቶ በሹክሹክታ፣ «እጀታውን ወደ ታች መጫን ነው» አላት።

«ይሄ ብቻ ነው?»

«አትጩሂ! ከውስጥ ለማንም ይከፈታል።»

ለማንም የሚለው ቃል በሁለቱ መካከል ትንሽ ቆየ። እታለም ልትለው የፈለገችው ነገር ነበራት። ስለ ሱቁ ነበር፤ ኪሱ ስለከተተው መክፈቻም ነበር፤ «ባዕድ ሰው» ስለሚለውም ነበር። «ቶሎ በይ፣ ሰው እያየን ነው» አላት። «ሾርባው እንዳያር ላውርደው» አለችና ከመስኮቱ ዞር አለች።

ሾርባውን አወረደች። ግን ወደ በሩ አልሄደችም፤ ወደ ክፍሏ ገባች። ክፍሏ ከኮሪደሩ ጫፍ ላይ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና የሌሎች ሰዎች ዕቃ ይገኝባታል። የወንድሟ ሚስት ሻንጣዎች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፤ የተበላሸ ማራገቢያ አለ፤ የወንድሟ የቢሮ ካርቶኖች አሉ፤ ልጅቷ የፀጉር ማድረቂያዋን የምታስቀምጠው እዚህ ነው፤ ዛሬ ጠዋት እንኳ እታለም ቀሚሷን በራሷ ላይ አጥልቃ እጇ እጀታው ውስጥ እንደተያዘ፣ «ቀጥይ ቀጥይ፣ አላየሁሽም» ብላ ገብታ ወስዳ ወጥታለች። የክፍሉ በር ቁልፍ የለውም፤ ቁልፍ የነበረበት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል፤ በሱ በኩል ኮሪደሩ ይታያል፣ ከኮሪደሩም ክፍሉ። ቤቱን ከሌባ ለመጠበቅ ስንት ነገር ሲታሰብ፣ ይቺ ክፍል ግን ለማንም ትዝ አላለችም። እታለም አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ቀዳዳውን አየችው። የውጭ ጫማዋን ከሻንጣዎቹ ስር ጎትታ አወጣች፣ አደረገች፤ ሻሿን አስተካከለች፤ ቦርሳዋን ያዘች። ውጭ ሴትዮዋ አሁንም ትጮሃለች። «መጣሁ፣ መጣሁ፣ እመቤቴ» አለቻትና እጀታውን ወደ ታች ተጫነችው።

በሩ ተከፈተ፤ ጩኸቱ ቆመ። ሁሉም እንደ ጎርፍ ገቡ። ጠርጥር እየሮጠ ሄዶ የብረት መክፈቻዋ በቦታዋ መኖሯን አየና፣ «ማንም አልገባም?» ብሎ ጠየቃት። «ማን ይገባል?» አለች እታለም። እሷ ግን ወደ ውጭ እየወጣች ነበር።

«ወዴት ነው?» አላት።

«መጣሁ።»

«እንዴ፣ ስትመለሽ እንዴት ትገቢያለሽ?» አለ፤ ከልቡ ተጨንቆ ነው ያለው።

ያለውን ነገር ሁሉም ሰሙት። እሱም ሰማው። ገጣሚው ድሪሉን ከነገመዱ መጠቅለል ጀመረ፤ ሚስትየው የነጠላ ጫማዋን ጫፍ አየች፤ ልጅቷ ስልኳን ኪሷ ከተተች። እታለም ደረጃውን ወረደች።

የሰፈሩ ብረታ ብረት ሱቅ ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ናት፤ ምስማር በየጣሳው፣ ሰንሰለት በየምስማሩ፣ ባለሱቋም በመሀል ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። «መቀርቀሪያ አለሽ?» አለቻት እታለም። «ለበር ነው ለመስኮት?» «ለእኔ ነው።» ሴትዮዋ ሹራቧን አስቀምጣ አየቻት። «ከውስጥ የሚዘጋ ነው ወይስ ከውጭ?» ዛሬ ቀኑን ሙሉ በርን በተመለከተ እታለምን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። «ከውስጥ» አለች። ሴትዮዋ አንዱን አነሣችና ገፋ መለስ፣ ገፋ መለስ አደረገችው። «ይሳደባል?» አለች እታለም። «ማን?» «ይሄ።» «ዘይት ካጣ ይጮሃል እንጂ» አለች ባለሱቋ፤ ሁለቱም ሣቁ፤ እታለም ሣቋ ስላላቆመ ወንበር አቀረበችላት። ዋጋው አዲሱ ቁልፍ ከሚበላው ባትሪ ያነሰ ነበር።

ስትመለስ የቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ መንገድ ለመንገድ የሳሎኑ ሶፋ ይታያል። ማንም ሰው ሊዘጋው አልደፈረም። የምግብ ጠረጴዛውን ወንበር ደፉ ላይ ወትፈው ጠርጥር ተቀምጦበታል፤ ጫማውን አድርጓል፣ እጁን አጣምሯል፣ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ያያል። ሱቁ ተደውሎለት፣ ቁጥሩን የሚያጠፋው ባለሙያ ምሳ ላይ ነው ተብሏል። ሠላሳ ሁለት ሺህ የወጣበት በር በሰው ሲጠበቅ የስፖርት አስተማሪው ከአጥሩ ማዶ እያየ፣ «ተራ እንግባልህ እንዴ?» ይለዋል። እታለም ደረጃውን ወጥታ ፊቱ ቆመች። ጠርጥር ጉልበቱን ሰብሰብ አደረገላት። አለፈች።

ገጣሚው ሥራ ፈቶ ኩሽና ሾርባ ይጠጣ ነበር። «የኔ ልጅ፣ ይሄን ትገጥምልኛለህ?» ብላ መቀርቀሪያውን አሳየችው። አገላብጦ አየውና ደስ አለው፤ ዛሬ ያየው የመጀመሪያው የሚገባው ዕቃ ነበር። እሱ ብሎኑን ሲያጠብቅ እሷ ሻንጣዎቹን አንድ በአንድ ወደ ኮሪደሩ አወጣች። ማራገቢያውን አወጣች። ካርቶኖቹንም፣ የፀጉር ማድረቂያውንም። የወንድሟ ሚስት ኮሪደሩ ሲጠባት መጥታ ዕቃዎቹን አየች፣ የበሩን መቀርቀሪያ አየች።

«እታለም… ጠዋት ያወራነውን ሰምተው ነው?»

«ኮምፔርሳቶ ነው እኮ» አለች እታለም።

ሴትየዋ ፊቷ ቀላ። ጎንበስ ብላ ትልቁን ሻንጣ በሁለት እጇ አነሣችና ወደ ራሷ መኝታ ቤት ይዛው ሄደች። ተመልሳ መጥታ ሁለተኛውን ወሰደች። ልጅቷም ሳትጠራ መጥታ ካርቶን አነሣች። ኮሪደሩ ላይ ዕቃ ሲጎተት ይሰማል።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ባለሙያው ከምሳው ተመለሰ መሰል፣ ስልኩ ተደወለ፤ ገጣሚው በተነገረው መሠረት አንዲት ቀጭን ሽቦ ቀዳዳ ውስጥ ሰክቶ ሁሉን ነገር አጠፋው። የጠርጥርም ጣቶች ጠፉ፣ የሚስቱም፣ የልጁም። አሁን በሩ ማንንም አያውቅም። እታለም በክፍሏ ሆና እንደገና አሻራ ሲሰጥ፣ ሴትዮዋ ስትሳደብና ስትለሳለስ ሰማች። አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ሻንጣ ባለመኖሩ መስኮቱ ድሮ የነበረበት ቦታ ላይ ተገኝቷል፤ ብርሃኑ ወለሉ ላይ ወድቋል። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ብርሃኑ ላይ አሳረፈች።

ኮሪደሩ ላይ የእግር ኮቴ መጣና በሯ ላይ ቆመ። የወንድሟ ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንዱን እግሩን ይጎትታል። እንደወትሮው በሩን ገፍቶ ሊገባ እጁን እንደሰነዘረ ገባት፤ ከዚያ እጁ አየር ላይ ቀረ መሰል። ቀጥሎ ኳ ኳ አለ። ቀስ ብሎ ነው ያንኳኳው፤ ማንኳኳት የማያውቅ ሰው ነው።

«ማን ልበል?» አለች እታለም።

ዛሬ አራት ጣት ሁለት ሁለት ጊዜ ሰጥቶ ማንነቱን ያስመዘገበ ሰው፣ ለዚህች ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ያጣ ይመስል ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ ማን?»

ከበሩ ማዶ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማችው። ሳሎን ውስጥ ገጣሚው ዕቃውን ሲሰበስብ፣ ልጅቷ ቀስ ብላ ስትስቅ፣ ሚስትየው «እሽ፣ ዝም በይ» ስትላት ይሰማል።

«ታናሽ ወንድምሽ» አለ።

እታለም እግሯን ከብርሃኑ ላይ አላነሣችም። «ግፋው» አለችው። «አልቀረቀርኩትም።»